ጠበቃ ማንን ይጠብቃል?

አንድ ወንድይፍራው የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር። አንደበቱ የተባ ስለነበር በአውራጃው ችሎት ቆሞ ሲከራከር ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር ሊሰማው ይመጣል። በሥራው ይኮራ ነበር። ጠበቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎሹ የሚባል ገበሬ ከእስር ቤት ሆኖ አስጠራው። ጎሹ የታሰረው የጎረቤቱን የወይዘሮ የሻረግን የጤፍ ክምር አቃጥሎ ሁለት በሬዎቿን ሰርቋል ተብሎ ነው።

«አያ ጎሹ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለው ወንድይፍራው።

ጎሹ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክምሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የመስኖ ውሃዬን ብትዘጋብኝ ደሜ ፈላ። በሬዎቹን ግን አልነካሁም። አገሩ ሁሉ እሳት ለማጥፋት ሲሯሯጥ ማን እንደነዳቸው አላውቅም።»

«ታዲያ ችሎት ፊት ምን ልንል ነው?»

«አላቃጠልኩም፣ አልሰረቅኩም እንላለና! ሳቃጥል ያየኝ የለም። ጠበቃዬ አይደሉም እንዴ? ይጠብቁኝ እንጂ!»

ወንድይፍራው ግራ ገብቶት ወጣ። ጠበቃ የሚለው ቃል መጠበቅ ከሚለው መምጣቱን ገና ያን ዕለት የሰማው መሰለው። ይህን ሰው የምጠብቀው ከምንድን ነው? ካላደረገው ብቻ ነው ወይስ ካደረገውም ጭምር?

እያሰላሰለ ሲሄድ ወይዘሮ የሻረግ መንገድ ላይ አገኘችው።

«የጎሹ ጠበቃ አንተ ነህ አሉ» አለችው።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ያ ክምር ለእኔና ለልጆቼ የዓመት ቀለብ ነበር። በሬ ከሌለኝ ደግሞ ለከርሞም አላርስም። ለእሱስ አንተ አለህለት። እኔን የሚጠብቀኝ ማን ነው?»

ወንድይፍራው እጅ ነስቷት ወደ ቤቱ መሄዱን ተወና መንገዱን ቀየረ።

ሙያውን ወዳስተማሩት ወደ ግራዝማች ደምለው ሄዶ ምክር ጠየቀ። ሽማግሌው ሳቁበት። «በእኛ ጊዜ ነገረ ፈጅ ነበር የምንባለው። ነገሩን ፍጅና ቤትህ ግባ። ማን ተፈጀ ብለህ አትጠይቅ» አሉት። ይህን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። አንዱ ስሙ ጠብቅ ይለዋል፣ ሌላው ፍጅ ይለዋል። ሁሉን ቢክድ እንደሚረታ ያውቃል፤ ምስክር የለም። የጨነቀውም ይኸው ነበር። ቢዋሽ የየሻረግን ክምር ዳግመኛ ያቃጠለ ያህል ነው። ቢናገር ደግሞ አምኖ ምስጢሩን የነገረውን ሰው መክዳት ነው።

በማግስቱ ወደ ጎሹ ተመለሰ። «የነገሩኝን ለማንም አልተነፍስም። ላላደረጉት ነገር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እከራከርልዎታለሁ። አላቃጠለም ብዬ ግን አልዋሽም። ካልተስማማዎት ሌላ ጠበቃ ይፈልጉ» አለው።

«ታዲያ ምኑን ጠበቁኝ?»

«እኔም እሱን ነው ያጣሁት» አለ ወንድይፍራው። ከዚያ የሻረግ ያለችውን ነገረው።

ጎሹ አቀረቀረ። «ልጆቹ ምን እየበሉ ይሆን?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላ ጠበቃ ይፈልግ እንደሆነ ሳይነግረው ተለያዩ።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ወንድይፍራው ይፈለግ አይፈለግ እንኳ ሳያውቅ ሄዶ ከጎሹ ጎን ቆመ። ክሱ ተነቦ ሲያበቃ ጎሹ እጁን አነሳ። «ክምሩን አቃጥያለሁ። በሬ ግን አልሰረቅኩም» አለ።

ችሎቱ ተናወጠ። «ያቃጠለ መስረቅ ያቅተዋል?» እያለ ሕዝቡ ጮኸ። የዳኛውም ፊት ጠቆረ። ያን ጊዜ ወንድይፍራው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው ያጠፋውን በገዛ አፉ ተናግሯል። ያላጠፋውን ግን በጩኸት አናሸክመው። በሬ ሲነዳ ያየው ሰው ካለ ይቅረብ።»

የቀረበ አልነበረም። ዳኛው ጎሹ ስለ ቃጠሎው እንዲታሰርና እህሉን እንዲተካ ፈረዱ። ከስርቆቱ ግን ነፃ አሉት፤ የበሬዎቹም ሌባ እንዲፈለግ አዘዙ።

«ረታህ ወይስ ተረታህ?» ብለው ክርክሩን ሊሰሙ የመጡት ግራዝማች በችሎቱ በር ላይ ጠየቁት።

«እኔም አላወቅኩትም» አላቸው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሌባው ጎሹ ነው ተብሎ በሬዎቹን የፈለገ ሰው አልነበረም። ፍለጋው ሲጀመር ከወንዝ ማዶ ባለ ገበያ አንድ ከብት ሻጭ ሊሸጣቸው ሲደራደር ተያዘ። የሻረግ በሬዎቿን እየነዳች ስትመለስ ከወንድይፍራው ጋር ተገናኙ። አላመሰገነችውም፣ አልረገመችውምም።

«አንተን ምን ብዬ እንደምጠራህ ግራ ገባኝ» አለችው። «የጠላቴ ጠበቃ ሆነህ በሬዎቼ ተመለሱልኝ።»

«እኔም ግራ እንደገባኝ ነው፣ እናቴ» አላት። «አሁን ግን ትንሽ በትንሽ እየገባኝ መጣ።»

ወዳጆቼ፣ ጠበቃ የሚጠብቀው ሰውን ነው እንጂ ጥፋትን አይደለም። ጥፋትን የጠበቀ ተበዳዩን ደግሞ ይበድላል። ሰውን ባላደረገው እንዳይቀጣ የጠበቀ ግን እውነተኛው በዳይ እንዳያመልጥ በሩን ይዘጋል። ጥብቅና ደግሞ የችሎት ሰዎች ሥራ ብቻ አይደለም፤ ለልጃችን፣ ለወንድማችን፣ ለወዳጃችን የምንቆምበት ቀን ለሁላችንም ይመጣል።

ያን ቀን እርስዎ የሚጠብቁት ሰውየውን ይሆን ወይስ ጥፋቱን?