ጅራቷን ውጭ ያሳደረች አይጥ

ተረት ተረት! የጅምር ቤት!

ክረምት ሊገባ ሲል አያ ምስጥ ኩይሳ መሥራት ጀመረና እመት አይጥን፣ «እፍኝ ደረቅ ሣር ስጪኝና ካሁኑ ግቢበት። አንቺ እየኖርሽበት እኔ እጨርሰዋለሁ» አላት።

እመት አይጥ ዞር ዞር ብላ አየችው። ግድግዳው ገና ከጆሮዋ አያልፍም፤ ጣሪያ የሚባል የለም። አምና አያ ከርከሮም እንዲሁ ብሎ ሣሯን ከበላ በኋላ ጉድጓዱን ሳይጨርስ ጥሏት ጠፍቶ፣ በጎርፍ ከመሞት ለጥቂት ነው የተረፈችው።

«እሺ፣ እገባለሁ» አለች። «ጅራቴ ግን ውጭ ትደር፤ መውጫዬ እንዳይጠፋኝ።»

«ደስ እንዳለሽ» አለ ምስጥ፣ ጭቃውን በአፉ እያቦካ።

ሰማዩ ተነደለ። ሜዳው ባሕር ሆነ። አይጥ ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠበቀች፤ ጠብታዋ ግን ቀረች። ዓይኗን ብትገልጥ፣ ግድግዳው ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ ከላይ ገጥሟል፤ አንገቷን ብታቀና ጫፉ አልታይ አላት። እልፍ ምስጥ ኮሽታ ሳያሰማ ይመላለስበታል። በጅራቷ ዙሪያ እንኳ፣ እንዳይጨንቃት፣ በልኳ ቀዳዳ ትተውላታል።

«አያ ምስጥ፣ አለቀ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ኧረ ገና ነው» አለ ምስጥ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

እመት አይጥም ቀስ ብላ ጅራቷን አስገባች።