በደምለው ቆጥ ላይ የታረሰችው ነብር

ነብሯ ከደምለው ቤት የወጣችው በግንቦት ሃያ አንድ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። በበሩ ወጣች። ማንም አልገፋትም፤ እሷም ማንንም አልነካችም።

ጊዜው እንስሳ ገና ዝም ያላለበት፣ የቤት ዕቃም ቢሆን አፍ የነበረው ጊዜ ነው። ስሙኝማ። እንስሳ ሲያሻው ይናገር ነበር። ዕቃ ግን የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ደምለው የሚባል ገበሬና ሚስቱ እንጉዳይ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ክብ ነው፤ ጣራው ሣር፣ መሀሉ ላይ አንድ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ወዲያ በመሰላል የሚወጣበት ቆጥ። እንጉዳይ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። በአገሩ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የእንጉዳይ እናት ግን ሞታለች። እንግዲህ የምትወልድበት ያ አንዱ ቤት ብቻ ነበር።

በሚያዝያ ዘጠኝ ቀን ባልና ሚስት የእናትዮዋን ተዝካር ሊያወጡ ቤቱን ዘግተው ሄዱ። ሲመለሱ ጣራው ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ አዩ።

ደምለው በሩን ጠየቀ። «በሬ፣ ምን ገባብን?»

«በእኔ በኩል የገባ የለም» አለ በሩ። «ጣራውን ጠይቅ።»

«ጣራዬ፣ ምን ገባብን?»

«ነብር» አለ ጣራው። «ቀደደችኝ።»

ደምለው ምሰሶውን ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምሰሶዬ፣ የት ናት?»

«ቀና በል» አለው ምሰሶው።

ቀና አለ። ከቆጡ ጫፍ ሁለት ዓይኖች ወደ ታች ያዩታል። አልተቆጡም፤ አልፈሩም። ከዓይኖቹ በታች፣ በጭዱ መሀል፣ ከጡጫ የማይበልጡ ሁለት ራሶች ይጠባሉ።

«ልጆቼ ሊተኙ ነው» አለች ነብሯ። «ቀስ ብለህ ውጣ።»

ደምለው ጀርባውን ሳያዞር፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንጉዳይ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ በሦስተኛው መለሰላት።

ባልና ሚስት ወደ ማድ ቤት ተዛወሩ። ማድ ቤቱ በር የለውም፤ ጣራው ያፈሳል። ነብሯ ልትበላ በቀዳዳው ትወጣለች፤ በቀዳዳው ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ስትወጣ ጠብቆ ደምለው ወደ ጣራው ተጣራ።

«አሁን ቀዳዳህን ብደፍነው ትችላታለህ?»

«ልጆቿ ከውስጥ ሆነው?» አለ ጣራው። «እኔ ሣር ነኝ። ልጅ የተዘጋባት ነብር ስትመጣ ድንጋይም አይችላት።»

«እንግዲያ ጦሬን ይዤ ገብቼ ግልገሎቹን...»

አልጨረሰውም። እንጉዳይ ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«አራስ ናት፣ ደምለው። አራስ ቤት ጦር ይዘህ ከገባህ እኔ አንተ ቤት አልወልድም።»

ጦሩን ከግድግዳው አስጠጋው።

በዚያ ዘመን አውሬን ከሰው ቤት ማስለቀቅ ሙያ ነበር። ባለሙያዎቹ የሚገኙት በገበያው ዳር፣ ከግራሯ ሥር ነው። ደምለው መጀመሪያ ያነጋገረው ቁራን ነው።

«እኔ በጩኸት አስለቅቃለሁ» አለ ቁራ።

«ስንት ቤት አስለቅቀሃል?»

«ሰባት።»

«ከማን ከማን?»

«ስድስቱን ከአይጥ።»

«ሰባተኛውንስ?»

«ሰባተኛው በራሱ ጊዜ ሄደ» አለ ቁራ።

ቁራ መጥቶ ጉልላቱ ላይ ቆመ። «ውጪ! ውጪ! ውጪ!» ብሎ ጮኸ። በማግስቱም «ውጪ! ውጪ! ውጪ!» አለ። በዚህን ጊዜ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«አያ ቁራ፣ ልጆቼ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው ነበር። ትናንት ስትጮህ ተኙ። ነገም ናልኝ።»

ቁራ ተናደደ። በሦስተኛው ቀን ራሱን በቀዳዳው አስገብቶ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ነብሯ አዛጋች። ቁራ በተከፈተው አፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ አየ። ጩኸቱ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ።

«እንዴት ሆነ?» አለው ደምለው ከታች።

«ጉዳዩ በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ነው» አለ ቁራ፤ ከደምለው ራስ በላይ አልፎ በረረ። በዚያ መንደር እስከ መከር ድረስ አልታየም።

ሁለተኛው ባለሙያ ጃርት ነው።

«ጩኸት የወፍ ሥራ ነው» አለ ጃርት። «እኔ እሾህ ይዤ ነው የምገባው። ከፊቴ የቆመ የለም።»

«ከኋላህስ?» አለች እንጉዳይ።

«ከኋላዬማ ጭራሽ!»

እውነቱን ነው፤ ጃርት የሚዋጋው በጀርባው ነው። መሰላሉን የወጣውም የኋሊት ነበር፤ እሾሁን እያንኳኳ። አንዱን ደረጃ ወጣ፣ ሁለተኛውን ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ግልገል ምን መጣ ብሎ ከቆጡ ጫፍ ራሱን አወጣ። እሾሁ የግልገሉን ግራ ጆሮ ጫፉን ቀደደው። ግልገሉ አለቀሰ።

ምሰሶው ኋላ ተጠይቆ የተናገረው ይህን ነው፦ «ሠላሳ ዓመት ጣራ ተሸክሜያለሁ። እንደዚያች ቅጽበት የከበደኝ የለም።»

ነብሯ በጃርቱ ላይ ዘልላ ከፊቱ፣ መሬት ላይ አረፈች። ኮሽታ አልነበረውም። እግሯን ከአገጩ ሥር፣ እሾህ ከማይበቅልበት ቦታ አስገባችና ፊቱን ወደ ፊቷ ቀና አደረገችው።

«ልጆች አሉህ?»

«አ... አራት።»

«ስማቸውን ጥራልኝ።»

ጃርት ሁለቱን ጠራ። ከዚያ ቆመ። የቀሩት ጠፉበት።

«ሂድ» አለችው ነብሯ። «የቀሩትን ጠይቀህ ያዝ። የልጁን ስም የማያውቅ የሌላ ልጅ ላይ እሾህ ይዞ አይውጣ።»

ጃርት ከመሰላሉ ወርዶ ሳይሆን ተንከባልሎ ወጣ። ደምለውን ሲያልፍ «አቁስያታለሁ! ቀኗን ጠብቃ ትወጣለች!» አለው።

ደምለው አሁን ሌላ ነገር አሰበ። ከወንዝ ማዶ ዓሥር ጦረኛ ይዞ የሚንቀሳቀስ አንድ አዳኝ አለ። «ሦስተኛው ባለሙያ እሱ ነው» አለ። «ካሁን በኋላ ምክር የለም።»

«ባለሙያ ከሆነ የምትፈልገው እኔም አንድ አውቃለሁ» አለች እንጉዳይ። «አስቀድሞ የእኔ ይምጣ። የእኔ ካቃተው ያንተን ጥራ።»

የእንጉዳይ ባለሙያ እማማ ዘርትሁን ናቸው፤ የመንደሩ አዋላጅ። የመጡት በግንቦት ዘጠኝ ነው። ዝናብ የጀመረውም የዚያኑ ዕለት ነው። እማማ ዘርትሁን የእንጉዳይን ሆድ ዳሰሱ።

«ልጁ ዞሯል። ሃያ ቀን አይሞላም» አሉ። አንድ ጠብታ እጃቸው ላይ ወደቀ። ቀና ብለው የማድ ቤቱን ጣራ አዩ። «እዚህ ነው የምትወልጂው?»

እንጉዳይ በአገጯ ወደ ትልቁ ቤት አመለከተች።

«እማማ፣ እሷን ማስወጣት ይችላሉ?» አለ ደምለው።

«አርባ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ምን ሆነና? አልወጣም ያለን ማስወጣት አይደለም ወይ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ለመሆኑ ምን ይዛችሁላት ገባችሁ?»

«ለማን?»

«ለአራሷ ነዋ።»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ወር ሊሞላት ነው» አሉ እማማ ዘርትሁን። «አንድ ሰው ጎራ ብሎ አልጠየቃትም። ጩኸትና እሾህ ላካችሁባት። እናንተ ብትሆኑ ትወጡ ነበር?»

አንድ የበግ ጭን አስመጡና በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ። ደምለው በሩ ላይ ቀረ። ጦሩን ይዟል። እማማ ዘርትሁን መሰላሉ ሥር ቆሙ። ጭኑን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በቆጡ ጫፍ ላይ አኖሩት።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ። እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

በዓለም ባለው ጫካ ሁሉ ይህን ቃል ለነብር ያለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ያ ትልቅ ራስ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፤ ከአሮጊቷ ፊት ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

«አሜን» አለች ነብሯ።

«መቼ ተገላገልሽ?»

«ሰዎቹ ቤቱን ዘግተው በሄዱ በሦስተኛው ቀን።»

እማማ ዘርትሁን በጣታቸው ቆጠሩ። «ሚያዝያ አሥራ አንድ። እንግዲህ ልጄ፣ የዚህን አገር ደንብ ታውቂያለሽ። አራስን ከቤት የሚያስወጣ የለም፤ ቀኗ ሲሞላ ግን ትወጣለች። ወንድ የወለደች አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ። ያንቺ ምንድን ናቸው?»

ነብሯ ዞር ብላ በጣራው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየች። ዝናቡ በርትቷል። በማድ ቤቱ ውስጥ እንጉዳይ በአንድ እጇ ሸክላ ይዛ የሚያፈሰውን ውኃ ትቀበላለች፤ በሌላው ወገቧን ይዛለች። ሸክላው ሲሞላ ደፋችው፤ መልሳም ደገነችው። ነብሯ ሸክላው ሦስት ጊዜ እስኪሞላ ድረስ አየች።

«ወንዶች ናቸው» አለች። «ሁለቱም።»

«እንግዲያ ግንቦት ሃያ አንድ ነው።»

«ግንቦት ሃያ አንድ» አለች ነብሯ።

ደምለው አዋላጇ ሲወጡ ክንዳቸውን ያዘ። «ወጥተው አይተዋል? ወንድ ይሁኑ ሴት?»

«አራስ የተናገረችው ይበቃኛል» አሉ እማማ ዘርትሁን። «እኔ አራስ አልበረብርም።»

ማንም ወጥቶ አላየም። ቆጡንም የጠየቀው የለም።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ደምለው፣ እንጉዳይና እማማ ዘርትሁን ግቢው ውስጥ ቆሙ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐይዋ ደጃፉን ሞላችው። ነብሯ በቀዳዳው አልወጣችም። በመሰላሉ ወረደች፤ ምሰሶውን ዞረች፤ በበሩ ወደ ብርሃኑ ገባች። ነጥቦቿ አንድ ባንድ የሚቆጠሩ ሆኑ። ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ወርቁም ወርቅ። የግቢው ውሻ ተነሥቶ ሊጮህ ነበር፤ ተመልሶ ተኛ።

በአፏ አንድ ግልገል ይዛለች፤ የጭራው ጫፍ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ነብር ደግሞ በአንድ ጊዜ የምትሸከመው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግልገል እዚያው ቆጥ ላይ ቀርቷል። ነብሯ ከሦስቱ ሰዎች ፊት አለፈች፤ ወደ ገደሉ ወጣች፤ ከዓይን ተሰወረች።

ደምለው ጦሩን አጥብቆ ያዘ። ከቤቱ ውስጥ የመሰላሉ ደረጃ ተንኳኳ። ያ ጆሮው የተቀደደው ግልገል ብቻውን እየወረደ ነው። ወደቀ፤ ተነሣ፤ በሩን ተሻገረ። ዙሪያውን አየና ወደ እንጉዳይ ሄደ። የቀሚሷን ጠርዝ በጥርሱ ያዘና ይጎትት ጀመር።

«እንዳትነኪው» አለ ደምለው።

«አልነካሁትም» አለች እንጉዳይ። «እሱ ነው የነካኝ። አንተ ጦሩን አውርድ።»

«ብትመጣስ?»

«መጥታለች።»

ነብሯ ከአጥሩ ዳር ቆማ ነበር። ልጇን አየች፤ ጦሩን አየች፤ የእንጉዳይን ትልቅ ሆድ አየች። ደምለው ጦሩን መሬት ላይ አኖረው። የሚሰማው ግልገሉ ጨርቁን የሚያኝክበት ድምፅ ብቻ ነበር። ነብሯ መጣች። የእንጉዳይን ጉልበት በጢሟ እስክትነካ ድረስ ተጠጋች። ልጇን በማጅራቱ አነሣች፤ ቀሚሱ ትንሽ ተቀደደ። ከዚያ ሄደች።

እንጉዳይ ተንበርክካ አፈሩን ዳሰሰች። የነብሯ ፈለግ የእጇን መዳፍ ያህል ነበር፤ ገና ይሞቃል።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ በግንቦት ሃያ ስድስት፣ እንጉዳይ በቤቷ ሴት ልጅ ወለደች። ጣራው ተከድኗል፤ አያፈስም። ሰማንያውን ቀን ሙሉ ታረሰች፤ ልጅቱም በነሐሴ አሥራ ስድስት ክርስትና ተነሣች።

ቁራ በመከር ተመልሶ መጣና «ያቺን ነብር በጩኸት ያስወጣኋት እኔ ነኝ» እያለ ከግራሯ ሥር ያወራ ጀመር። ጃርት «በእሾህ ነው እንጂ!» ይለዋል። ደምለውም ሰው ሲጠይቀው «ጦሬን ስታይ ሄደች» ይል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ደምለው የጠፋች ጊደር ሊፈልግ ገደሉን ወጣ። ከአንድ ዋሻ ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ፣ አንዲት ነብር ተኝታ አየ። ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ ነው። ሦስት ግልገሎች ይጠቧታል። ከእሷ ከፍ ብሎ በሌላው ዋሻ ደጃፍ የጭራዋ ጫፍ እንደ ጥጥ የነጣ ሌላ ነብር ተኝታለች። እሷም ሁለት ታጠባለች።

ደምለው ጊደሯን ተወ። ወርዶ ቤቱ ገባ፤ መሰላሉ ሥር ቆመ።

«ቆጤ፣ እነዚያ ግልገሎች ምን ነበሩ?»

«ሴቶች» አለ ቆጡ። «ከተወለዱባት ሰዓት ጀምሮ። ሁለቱም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ? የናንተ ጥያቄ መቼ ትወጣለች የሚል ነበር።»

ነብሯ በዚያ ቤት ሰማንያ ቀን ነበራት። የወጣችው በአርባኛው ነው።