በጉሙ ውስጥ የሳለው

በእኛ አገር አንድ ሰው በጨነቀው ሰዓት የደረሰለትን ሰው በጥያቄ ሲያደርቀው ከታየ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንዲት አጭር ቃል ጣል ያደርግበታል፤ ጠያቂውም አፍሮ ዝም ይላል። ልጅ ሆኜ ቃሏን ስሰማ የገደል መንገደኛን ለመምከር ብቻ የተነገረች ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን የጭቃ ሹም ይርዳው የልጅ ልጅ፣ አንድ ሳምንት አብረን አጥር ስናጥር፣ ከምን እንደመጣች አጫወተኝ። ታሪኩ ለአያቱ የሚያስመሰግን አይደለም። እሱ ግን ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ፤ አያቱም ራሳቸው እስኪሞቱ ድረስ አልደበቁትም ነበር አሉ።

ይርዳው ያኔ ገና ጎልማሳ ነበርና እኔም «አንቱ» ሳልል ላውራላችሁ። የቆቅ ውሃ መንደር ጭቃ ሹም ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ አመል ግን ነበረበት። ሰው ካየ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩን፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ አያሳልፍም። ሹመቱ ያስለመደው ነው። ቀብር ላይ ሳይቀር የማያውቀው አልቃሽ ካጋጠመው ጠጋ ብሎ «የማን ወገን ነህ?» ይላል። ሰዉ ቢስቅበትም ለሽምግልና ይፈልገዋል፤ የማን ዘር ከማን ዘር እንደሚገጥም እንደሱ የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የቆቅ ውሃዋ የወይዘሮ ሸዋረገድ ልጅ ደምሰው፣ ታደገ ከሚባል የቆላ ጎበዝ ጋር በግጦሽ ተጣላና በዱላ መታው። ታደገ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ደምሰው ዱር ገባ። የታደገ ወንድሞች «ደሙን ሳንመልስ ጠጉራችንን አንላጭም» ብለው ማሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ከደምሰው ሌላ ልጅ የላቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሩቅ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሥራቸውን ጥለው እየቆሙ ኖሩ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተመላልሶ፣ ቄስ ተልኮ፣ የሟቹ አባት አቶ ሀብተየስ አንድ ቀን ሰጡ። «ለሚያዝያ ሚካኤል እናቱ ራሷ ትምጣ። ሾላው ሥር ተቀምጠን ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ እንጠብቃለን። ያ ካለፈ ግን ንቀት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቼን አልይዝም» አሉ።

መልእክቱ ቆቅ ውሃ የደረሰው በዋዜማው ነበር። ሾላው ያለበት ሾላ ሜዳ ደግሞ ከቆቅ ውሃ በታች፣ ከገደሉ ግርጌ ነው። ደህናው መንገድ ሁለት ቀን ያስዞራል። የቀረው የሰንበሌጥ በር ቁልቁለት ብቻ ነው፤ በአንድ ወገኑ ድንጋይ፣ በሌላው ወገኑ ባዶ አየር የሆነ፣ ሰው በነጠላ የሚወርድበት ጠባብ መንገድ። ወፍ ሲንጫጫ ሦስት ሆነው ተነሡ፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ አያ ጥላዬ፣ እና ይርዳው።

ሲነሡ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በሩ ላይ ደርሰው የመጀመሪያውን ጥምዝ እንደወረዱ ግን ከቆላ ጉም ተነሣ። እንደወትሮው እየተሳበ አልመጣም። ቁልቁል ሲያዩት የነበረው አገር በአንዴ ጠፋ። ቀጥሎ ከፊታቸው ያለው ቁጥቋጦ ጠፋ። ቀጥሎ የገዛ እግራቸው። ከጠዋት ጀምሮ ገደሉ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ጭላዶች ዝም አሉ፤ ነፋሱም ቆመ።

«እንመለስ» አለ ይርዳው።

«ወዴት?» አሉ አያ ጥላዬ። «የመጣንበትስ ይታይሃል?»

«እንግዲያው እስኪገፈፍ እዚሁ ቁጭ እንበል።»

«እናንተ ቁጭ በሉ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። «እኔ በእንብርክኬም ቢሆን እወርዳለሁ። አንድ ቀን ነው የሰጡኝ።»

ይህን ሲባባሉ ከፊታቸው፣ ከጉሙ ውስጥ ሰው ሳለ።

ደረቅ ሳል ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እንግዳ ሰው ደጃፍ ደርሶ መምጣቱን ለማሳወቅ የሚስለው ዓይነት። ከዚያ ዘንግ ድንጋይ ሲነካ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ዝቅ ካለ ቦታ ደግሞ ነካ።

«መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንከተለው» አሉ አያ ጥላዬ። የጋቢያቸውን ጫፍ ለወይዘሮ ሸዋረገድ አስያዙ፤ እሳቸው ደግሞ መቀነታቸውን ፈትተው ጫፉን ለይርዳው ሰጡት። እንዲህ ተያይዘው መውረድ ጀመሩ።

የዘንጉ ድምፅ ምንጊዜም ከፊታቸው አሥር እርምጃ ያህል ነው፤ አይቀርብም፣ አይርቅም። ሲቆሙ ይቆማል። ወይዘሮ ሸዋረገድ አዳልጧቸው ቁጭ ባሉ ጊዜ ተነሥተው ቀሚሳቸውን እስኪያራግፉ ጠበቀ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ስሎ ቀጠለ።

አንድ ቦታ ላይ ዘንጉ በስተግራ ያለውን ድንጋይ ሁለት ጊዜ መታ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ ይርዳው። «መንገዱ በስተቀኝ ነው! ሃያ ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ።»

«እሱ በግራ ነው ያለው» አሉ አያ ጥላዬ፤ ወደ ግራም ታጠፉ። እርጥብ ድንጋይ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ትከሻቸውን አግድመው፣ ከሦስቱ አንዳቸውም በማያውቁት ስንጥቅ ውስጥ አለፉ።

እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው ይርዳው አንድ ነገር ያስተዋለው። እነሱ በረገጡ ቁጥር ጠጠር እየተንከባለለ ይወርዳል። ከፊታቸው ካለው ሰው እግር ግን አንድም ጠጠር አይወድቅም። የእግር ኮቴም የለም። ዘንጉ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ፈርቼ አልነበረም» ይል ነበር ኋላ ሲያወራ። «ፍርሃት ቢሆን አፌን ይዘጋው ነበር። ስሙን አለማወቄ ነው እንደ እሾህ የወጋኝ።»

«አያ ጥላዬ» አለ በሹክሹክታ፤ «ማነው ይሄ ሰው?»

«ዝም ብለህ ውረድ።»

«ከቆቅ ውሃ የተነሣ ቢሆን በሩ ላይ ባየነው ነበር። የታደገ ወንድሞች የላኩት ቢሆንስ?»

«ሊጥለን ቢሻ ከላይ በጣለን ነበር።»

«እኮ ስሙን ብጠይቀው ምን ይጎዳናል?»

ወይዘሮ ሸዋረገድ ዞር አሉ። ፊታቸው ባይታየውም ትንፋሻቸው ተሰማው። «ጭቃ ሹም፣ ስለ ወላዲቷ! ስንደርስ ይጠየቃል። ስንደርስ እኔው እግሩን ስሜ እጠይቅልሃለሁ።»

ይርዳው አንድ ጥምዝ ያህል ቻለው። በሁለተኛው አልቻለም።

«አንተ ሰው!» ብሎ ጮኸ። «ማነህ? የማን ልጅ ነህ?»

ዘንጉ ቆመ።

ይርዳው ሊመልስልኝ ነው ብሎ ጠበቀ። መልስ ሲያጣ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ምነው አትናገርም? አገርህ ወዴት ነው? ጭቃ ሹሙ ነኝ እኮ የምጠይቅህ!»

ድምፁ ከገደሉ ጋር ተላትሞ ወደ ራሱ ተመለሰ። ሌላ ነገር አልተሰማም። ጠበቁ። አያ ጥላዬ «ወንድሜ፣ ባለጌ ነውና ይቅር በለን፤ ምራን» ብለው ለመኑ። ወይዘሮ ሸዋረገድም ለመኑ። ከጉሙ ውስጥ ሳልም አልመጣ፣ ዘንግም አልመጣ።

አያ ጥላዬ «በል እንግዲህ በዳበሳ» ብለው አንድ እግራቸውን ወደፊት ሲዘረጉ የረገጡት ድንጋይ ከሥራቸው ከዳ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ወደኋላ ጣሏቸው፤ ሦስቱም በጀርባቸው ድንጋዩ ላይ ወደቁ። የከዳው ድንጋይ መሬት ሲደርስ እንሰማለን ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። ብዙ ጠበቁ። አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ ማንም እግሩን አላነሣም። ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ተቀመጡ። ከታች፣ ከሾላ ሜዳ በኩል፣ የሚካኤል ከበሮ ይሰማ ጀመር፤ እልልታውም ከሥሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ይርዳውን አልተቆጡትም። እሱ ቢቆጡት በወደደ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ፀሐይዋ የት ደርሳ ይሆን?» አሉ። ብዙ ቆይቶ ከበሮው ቆመ። ሕዝቡ መበተኑ ነው።

ጉሙ እንደመጣው ሁሉ በአንዴ ተገፈፈ። የተቀመጡበት ቦታ ከአልጋ የማይሰፋ ጠርዝ ነበር። አያ ጥላዬ እግራቸውን የዘረጉበት ቦታ ባዶ ነው። በስተቀኛቸው ግን፣ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ፣ እስከ ሜዳው የሚያወርድ ደህና መንገድ አለ፤ ዘንጉ አንድ ጊዜ ቢመታላቸው ኖሮ ባገኙት ነበር። ይርዳው ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ሃያ ዓመት የወጣበት መንገድ በበልጉ ዝናብ ተንዶ፣ ቀይ አፈሩ እንደ ቁስል ተገልጦ ቁልቁል ተዘርግቷል። ወደ ቀኝ ቢታጠፉ ኖሮ ያ ነበር የሚጠብቃቸው።

የወረዱበት አፈር እርጥብ ነበር። ይርዳው ተመልሶ፣ ተንበርክኮ አየው። የሦስት ሰው ዱካ ነው። አራተኛ የለም። ዘንግ ያረፈበት ምልክትም የለም።

«ተነሥ» አሉት አያ ጥላዬ። «አሁን የሚታየው ያ አይደለም።»

እየሮጡ ወረዱ። ሾላው ጋ ሲደርሱ ጥላው ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሏል። ሰዉ ሄዷል። የታደገ ወንድሞች ጠመንጃቸውን አንግተው በሜዳው ጫፍ ሲሄዱ ጀርባቸው ይታያል። አቶ ሀብተየስ ብቻ በቅሏቸው አጠገብ ቆመው አንድ እግራቸውን እርካብ ላይ አሳርፈዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ከመሬት ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ከአቶ ሀብተየስ እግር ሥር ተደፉ።

«ሰዓቱ አልፏል፣ ሴትዮ» አሉ አቶ ሀብተየስ።

አያ ጥላዬ «ጌታዬ፣ ጉሙ ነው ያስቀረን» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ይርዳው አቋረጣቸው። ውሸት አልነበረም፤ በጉሙ ማሳበብ ይችል ነበር። አላደረገውም።

«ጉሙ አላስቀረንም። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። እሷ በእንብርክኬ እወርዳለሁ ያለች ናት» አለ። የሳሉን፣ የዘንጉን፣ የጩኸቱን ነገር አንድ በአንድ ተናገረ። የዱካውንም ነገር ጨመረ።

አቶ ሀብተየስ እግራቸውን ከእርካቡ አወረዱ።

«ስንጥቁ ጋ በግራ ነው የወሰዳችሁ?»

«በግራ።»

ሽማግሌው የበቅሏቸውን ልጓም ለቀቁና ሾላው ሥር ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ገደሉን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ታደገ በተወለደ ሰሞን ከደጋ ገበያ ስመለስ እኔንም እንዲህ ያለ ጉም ያዘኝ። ያ ሳል ከፊቴ ነበር። ማነህ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እዚህ ሾላ ሥር ስደርስ ላመሰግን ቀና አልኩ፤ ሰው የለም። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። መልአክ ይሁን ሙት፣ አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ እሱ መርቶ ያወረደውን ሰው እኔ አልመልስም።»

ተነሥተው ድንጋዩን ከወይዘሮ ሸዋረገድ ማጅራት በእጃቸው አወረዱ። «ተነሺ፣ እህቴ» አሉ። ሁለት ዓመት እንባቸው የደረቀው ሴት ያን ጊዜ አለቀሱ።

ልጆቹ ተጠርተው ሲመለሱ ታላቅየው ፊቱ ጠቆረ። «አባባ፣ ሰዓቱ አልፎ የለም እንዴ?»

«ሰዓቱን የሰጠሁ እኔ ነኝ። የጨመርኩለትም እኔ ነኝ። ጠመንጃህን አውርድ።»

ልጁ ቆሞ አባቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሾላው ላይ አስደገፈ። የዚያን ዕለት ከአንድ ማዕድ በሉ። ደምሰውም በሰኔ ከዱር ወጣ።

ሊለያዩ ሲሉ ይርዳው ወደኋላ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሲብላላበት የዋለው ነገር አላስቻለውም። «አቶ ሀብተየስ» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «ስሙን ብቻ ነው እኮ የጠየቅኩት። የሰው ስም መጠየቅ ይህን ያህል ኃጢአት ነው?»

አቶ ሀብተየስ ፈገግ ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ፤ «መጠየቅስ ነውር የለውም፣ ጭቃ ሹም፤ ብቻ ገደሉን ሳትወርድ መሪህን ማነህ አትበል» አሉት።