ቀለም ቀመሷ ሶስና

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ! የዛሬው በረት ሳይሆን በር ነው፤ ድሬዳዋ ያለ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ በር። ወይንሸት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ቀለም ከበሩ እንዲወርድላት። ለምን ቢሉ፣ ጥርስ የምታበቅለው ልጇ ሶስና ቅርፊቱን እየላጠች ትልሰዋለች! ቀለሙ ደግሞ እርሳስ አለበት፤ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ መርዝ።

«ቀለም፣ ውረድ!»

«ካልፋቁኝ አልወርድም!»

«መፋቂያ፣ ፋቀው! ቀለም ካልፋቁኝ አልወርድም አለ!»

«ደረቁን አልፍቅም! አቧራው ቤቱን ይሞላዋል።»

እሳት ይህን ሲሰማ ዘሎ መጣ። «እኔ ላቃጥለው! አሁኑኑ!»

«አርፈህ ተቀመጥ! መርዙን በጭስ ልታስምገን ነው?» አለች ወይንሸት። እሳት አኩርፎ ምድጃው ውስጥ ገባ።

«ውሃ፣ አርጥበው! መፋቂያ ደረቁን አልፍቅም አለ፣ ቀለም ካልፋቁኝ አልወርድም አለ!»

«ላስቲክ ካልተነጠፈ አላረጥብም! ቅርፊቱን ይዤ የት ልፍሰስ?»

«ላስቲክ፣ ተነጠፍ! ውሃ ካልተነጠፈ አላረጥብም አለ፣ መፋቂያ ደረቁን አልፍቅም አለ፣ ቀለም ካልፋቁኝ አልወርድም አለ!»

«ሶስና ካልወጣች አልነጠፍም! እየዳኸች ትመጣብኛለች።»

«ሶስናዬ፣ ውጪ የኔ እናት!»

ሶስና በሩ ላይ ሙጭጭ! መውጣት እቴ!

ወይንሸት ታላቅ ወንድሟን ጠራች። «ጋሼ ሽብሩ፣ አውጣልኝ! ሶስና አልወጣም አለች፣ ላስቲክ ካልወጣች አልነጠፍም አለ፣ ውሃ ካልተነጠፈ አላረጥብም አለ፣ መፋቂያ ደረቁን አልፍቅም አለ፣ ቀለም ካልፋቁኝ አልወርድም አለ!»

ጋሼ ሽብሩ በሳቅ ፍርስ አለ። «ተያት እንጂ! ገና አፏን ሳትፈታ ቀለም ቀመስ ሆነችልን!»

«ጋሼ፣ እርሳስ አለበት እኮ!»

«ቀለምም እርሳስም? እሰይ! ሊቅ ልትሆን ነው!»

«የመጻፊያው አይደለም፣ መርዙ ነው! ቀለም የማይገባት ልጅ የሚያደርጋት እሱ ነው!»

ጋሼ ሳቁን ትቶ ሶስናን ብድግ አድርጎ ሮጠ! ሶስና ስትወጣ ላስቲክ ተነጠፈ፣ ላስቲክ ሲነጠፍ ውሃ አረጠበ፣ ውሃ ሲያረጥብ መፋቂያ በወይንሸት እጅ ፋቀ፣ መፋቂያ ሲፍቅ ቀለም ወረደ! ወይንሸት አፍና አፍንጫዋን የሸፈነችበትን ማስክ ሳታወልቅ ቅርፊቱን በላስቲኩ ጠቅልላ አሰረች፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች።

ሶስና ቁራሽ ዳቦ እያኘከች ተመለሰች። በሩን አየች፣ የሚላጥ ፈለገች፣ አጣች! ወይንሸት ደስታዋን መያዝ አቅቷት እልል አለች።

«ቀለሙን ትምህርት ቤት ትቅመሰው!» አለ ጋሼ ሽብሩ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ፤ ግን መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ!