ቃል፤ የሸክላ ሠሪዋ የደብሪቱ ነገር

ድሮ ነው ልጆቼ፤ ወንዙ ድልድይ ሳይኖረው፣ እኔን ያሳደጉኝ ሽማግሌዎች እንኳ ከአያቶቻቸው በሰሙት ዘመን። ወዲህ ማዶ ሾላ ሜዳ፣ ወዲያ ማዶ ሰንበሌጥ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ደብሪቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪም ነበረች። ማድጋዋን አዝላ ወዲህና ወዲያ ስትል ሰው ሁሉ መልእክቱን በእሷ ይልክ ነበር። ያን ጊዜ ቃል ማለት ከአፍ የሚወጣ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ተብሎ የሚቀር።

አንድ ክረምት የሾላ ሜዳ አንዲት አሮጊት ታመሙ። ሰንበሌጥ ለተዳረችው ልጃቸው «ዓይንሽን ሳላይ አልሙት» ብለው በደብሪቱ ላኩ። ወንዙ ሞልቷል። ሰው ሁሉ «ቆዪ፣ ይጉደል» አላት። ደብሪቱ ፈራች፤ እጅግ ፈራች። ግን የበሬ ጭራ ይዛ ተሻገረች። ልጅቱም በዚያው በሬ ተሻግራ ደረሰች፤ እናትም ልጃቸውን መርቀው አረፉ።

ሌላ ጊዜ አንድ ገበሬ ሊሞት ሲል «ማሳዬ ለእንጀራ ልጄ ይሁን ብለሽ ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ» አላት። ወንድሙ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ማሳዬ ለወንድሜ ነው አለ በይ፤ ጊደር እሰጥሻለሁ።»

«ጌታዬ፣ የሟቹን ነገር እኔ ምን ብዬ ልለውጠው?»

ማድጋዎቿን ሰባበረባት። እሷም እያለቀሰች ሄዳ፣ የተላከችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ያን ዓመት የምትሸጠው አጥታ ሳማ ቀቅላ በላች።

ከዚያ ደም መጣ። የሰንበሌጥ ሰው የሾላ ሜዳውን የጓንጉልን ልጅ ገደለ። ጓንጉል ደብሪቱን ጠርቶ «የገዳዩን ዘመዶች ለእርቅ ኑ በያቸው» አላት። ስትወጣ ከሣር ክምሩ ሥር የተደበቀ ጦር አየች። ወደ ጓንጉል ተመለሰች።

«ጌታዬ፣ እኔ ስጠራቸው አምነው ይመጣሉ። ጦሩ ካልወጣ አልጠራቸውም።»

«ብገድልሽስ?»

«ይግደሉኝ። ከዚያ ማንን ይልካሉ?»

ጓንጉል አለቀሰ፤ ልጁ ከተቀበረ ወዲህ አልቅሶ አያውቅም ነበር። ጦሮቹን በገዛ እጁ አውጥቶ እግሯ ሥር ጣላቸው።

«ሂጂ፤ አልነካቸውም» አላት። «ቃል ነው።»

ሄደች። እነሱም አምነዋት ባዶ እጃቸውን መጡ። ደሙም ደረቀ።

በእኛ አገር ቃል ማለት የተነገረም የማይታጠፍም ነገር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። ዛሬም መልእክት ያመጣ ሰው ደጃችን ሲደርስ ተቀምጠን አንሰማውም። ብድግ ብለን «የደብሪቱን ነፍስ ይማር» እንላለን፤ ከዚያ እንሰማለን።

ከእርቁ በኋላ የጓንጉል ሴት ልጅ ለገዳዩ ወንድም ተዳረች። የእኛ ዘር የሚቆጠረው ከእነሱ ነው። ደብሪቱ ባትኖር እኔም አልኖርም ነበር፤ እናንተም።