የወይዘሮ ዘነቡ ላምና የመርዕድ ሞተር ሳይክል

ተረት መጣች፤ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጣ መጣች። እንኳን ደህና መጣሽ በሏትና ስሙኝ።

ፖም በሚበቅልበት ደጋ፣ ከዳገት በላይ፣ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። ላሚቱ ወለደች፤ በማግስቱ ግን ከተኛችበት አልነሳም አለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አንገቷ ወደ ጎኗ ታጥፏል፣ ጥጃዋ በረሃብ ይጮኻል። ወይዘሮ ዘነቡ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላማቸው እንድትነሳላቸው።

ለከብት ሐኪሙ ለመርዕድ ደወሉ። «እማማ፣ ወልዳ የምትተኛ ላም ካልሲየም አጥሯት ነው። መድኃኒቱን ይዤ መጣሁ። ዛሬውኑ ካላገኘች ግን አትተርፍም» አላቸው።

መርዕድ ሜዳውን እንደምንም አለፈ። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ትን አለው። ትርርር... ቅጭ! ትርርር... ቅጭ! ድምፁን የሰሙት ወይዘሮ ዘነቡ ላሚቱን ለጎረቤት አደራ ብለው ቁልቁል ሮጡ። መርዕድ ካንዴላውን ፈትቶ ይጠርጋል። «ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ያስለዋል። ይሄ ቤንዚን አይደለም፣ ውሃ ነው!» እያለ ቤንዚኑን ይሰድባል።

ወይዘሮ ዘነቡ ግን ነገርን ከሥሩ ካልጠየቁ አይሆንላቸውም።

«አንተ ጎማ፣ ተሽከርከር እንጂ! ጎማው ካልተሽከረከረ መድኃኒቱ አይደርስም፤ መድኃኒቱ ካልደረሰ ላሜ አትነሳም!»

ጎማው «ሞተሩ ሳይገፋኝ አልሽከረከርም» አለ።

«አንተ ሞተር፣ ግፋ እንጂ! ሞተሩ ካልገፋ ጎማው አይሽከረከርም፤ ጎማው ካልተሽከረከረ መድኃኒቱ አይደርስም፤ መድኃኒቱ ካልደረሰ ላሜ አትነሳም!»

ሞተሩ አሳለና «ቤንዚኑ በልኩ ሳይደርሰኝ አልገፋም። አንዴ ያንቀኛል፣ አንዴ ያስርበኛል» አለ።

«አንተ ቤንዚን፣ በልክህ ተረጭ እንጂ! ቤንዚኑ በልኩ ካልተረጨ ሞተሩ አይገፋም፤ ሞተሩ ካልገፋ ጎማው አይሽከረከርም፤ ጎማው ካልተሽከረከረ መድኃኒቱ አይደርስም፤ መድኃኒቱ ካልደረሰ ላሜ አትነሳም!»

ቤንዚኑ ተቆጣ። «ሳምንቱን ሙሉ የተሰደብኩት አንሶ ነው? እኔ በትእዛዝ ነው የምረጨው። ኮምፒዩተሩ ሳያዘኝ በልኬ አልረጭም።»

«ደግሞ ሞተር ሳይክል ኮምፒዩተር አለው?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

«አለው እንጂ እማማ፤ ከኮርቻው ሥር፣ የሳሙና ያህል» አለ መርዕድ።

«አንተ ሳሙና፣ እዘዝ እንጂ! ኮምፒዩተሩ ካላዘዘ ቤንዚኑ በልኩ አይረጭም፤ ቤንዚኑ በልኩ ካልተረጨ ሞተሩ አይገፋም፤ ሞተሩ ካልገፋ ጎማው አይሽከረከርም፤ ጎማው ካልተሽከረከረ መድኃኒቱ አይደርስም፤ መድኃኒቱ ካልደረሰ ላሜ አትነሳም!»

«እኔ ዓይን የለኝም» አለ ኮምፒዩተሩ። «መርዕድ እጀታውን ሲጠመዝዝ የአየር በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ የሚነግረኝ ሴንሰሩ ነው። ሰሞኑን ‹ተከፈተ› ይለኛል፣ ወዲያው ‹ተዘጋ› ይለኛል። ሴንሰሩ በደንብ ሳይነግረኝ አላዝም።»

ይህን ጊዜ መርዕድ ስድቡን ተወ። ወይዘሮ ዘነቡ ግን ገና መሞቃቸው ነው።

«አንተ ሴንሰር፣ ንገር እንጂ! ሴንሰሩ ካልነገረ ኮምፒዩተሩ አያዝም፤ ኮምፒዩተሩ ካላዘዘ ቤንዚኑ በልኩ አይረጭም፤ ቤንዚኑ በልኩ ካልተረጨ ሞተሩ አይገፋም፤ ሞተሩ ካልገፋ ጎማው አይሽከረከርም፤ ጎማው ካልተሽከረከረ መድኃኒቱ አይደርስም፤ መድኃኒቱ ካልደረሰ ላሜ አትነሳም!»

ሴንሰሩ አዘነ። «እኔስ እውነቱን ነው የምናገረው። ቃሌን መንገድ ላይ የሚጥለው ሽቦው ነው።»

መርዕድ ካንዴላውን መልሶ አሰረ፣ ሞተሩን አስነሳና ሽቦውን በጣቱ ነካ አደረገው። ሞተሩን ትን አለው። ለቀቀው፤ ተረጋጋ። ደግሞ ነካው፤ ደግሞ ትን አለው። «አገኘሁት!» አለ። የሽቦው ሶኬት እስከ ግማሹ ተነቅሏል።

«አንተ ሽቦ፣ አድርስ እንጂ! ሽቦው ካላደረሰ ሴንሰሩ አይነግርም፤ ሴንሰሩ ካልነገረ ኮምፒዩተሩ አያዝም፤ ኮምፒዩተሩ ካላዘዘ ቤንዚኑ በልኩ አይረጭም፤ ቤንዚኑ በልኩ ካልተረጨ ሞተሩ አይገፋም፤ ሞተሩ ካልገፋ ጎማው አይሽከረከርም፤ ጎማው ካልተሽከረከረ መድኃኒቱ አይደርስም፤ መድኃኒቱ ካልደረሰ ላሜ አትነሳም!» ትንፋሻቸው አለቀ፤ የእኔም አለቀ።

ሽቦው «ይሄ ላስቲክ አንቆ እየጎተተኝ እንዴት አድርጌ ላድርስ?» አለ። ላስቲኩም «እኔ እስረኛ ነኝ። ያሰረኝ ሰው ሳይፈታኝ ማንንም አልለቅም» አለ።

«ማነው እንዲህ ያለ ቋጠሮ የቋጠረው?» ብለው ወይዘሮ ዘነቡ ጎንበስ አሉ። አዩት። ቋጠሮው የገዛ እጃቸው ነው። ባለፈው ሳምንት መርዕድ እርጉዟን ላም ሊያይ መጥቶ «ምንም አልፈልግም» ብሎ ሲግደረደር፣ እጁን እስኪታጠብ ጠብቀው አንድ ኩርቱ ፌስታል ሙሉ ፖም ሞተር ሳይክሉ ላይ በላስቲክ አስረውለት ነበር። ላስቲኩን ከቤንዚን ጋኑ ሥር አሹልከው፣ ጥብቅ አድርገው። ፖሙ ተበልቷል፤ ላስቲኩ እንደታሰረ ነው።

«ወይኔ፣ እኔው ነኝ!» ብለው በጥፍርም በጥርስም ፈቱት። መርዕድ ሶኬቱን ቀጭ አድርጎ ሰካው።

ላስቲኩ ሽቦውን ለቀቀ፤ ሽቦው የሴንሰሩን ቃል አደረሰ፤ ሴንሰሩ ለኮምፒዩተሩ ነገረ፤ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን አዘዘ፤ ቤንዚኑ በልኩ ተረጨ፤ ሞተሩ ገፋ፤ ጎማው ተሽከረከረ፤ ወይዘሮ ዘነቡ ከኋላ ተፈናጠው ያቀፉት መድኃኒት ከላሚቱ ዘንድ ደረሰ። መርዕድ በአንገቷ ደም ሥር ቀስ አድርጎ አንጠባጠበላት። ላሚቱ ተንቀጠቀጠች፣ አገሳች፣ ጆሮዋ ሞቀ። ቆይታ በጉልበቷ፣ ከዚያ በአራት እግሯ ተነሳች። ጥጃዋም ጡቷን አገኘ።

ወይዘሮ ዘነቡ አለቀሱ። መጀመሪያ እግዜርን አመሰገኑ፣ ቀጥለው መርዕድን፣ ቀጥለው ከጎማው ጀምሮ ሁሉንም በየተራ። ሴንሰሩ ላይ ሲደርሱ «ስምህን በደንብ አልያዝኩትም እንጂ አንተም ተባረክ» አሉት።

ከዚያ ወደ መርዕድ ዞረው «ይቅር በለኝ ልጄ፤ አመሰግናለሁ ብዬ አንቄህ ሰነበትኩ። ግን ቢላ የለህም እንዴ? ለምን ቆርጠህ አልጣልከውም?» አሉ።

«ቢላማ አለኝ እማማ» አለ መርዕድ። «ስድስት ዓመት በዚህ ዳገት ስመላለስ፣ ከብት ሲሞት ሰዎች እኔን ይረግማሉ፤ ሲድን ዕድሉ ነው ይላሉ። እግዜር ይስጥህ ብለው ፖም አስረው የሸኙኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ፖሙን ልጆቼ በሉት፤ ላስቲኩን መቁረጥ ግን አላስቻለኝም።»

እኔም ተናግሬ ጨረስኩ፤ የተኛ ይነሳ፣ የታሰረ ይፈታ፣ የሰማም ይባረክ።