ቶሎ የሚጎድለው ቅል

አንድ ጊዜ፣ ጉም እስከ ረፋድ በሚተኛበት ሸለቆ ውስጥ፣ ሥሩ የተበሳ ቅል ከሾላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር። የሸለቆው ሰዓት እሱ ነው። ውኃው ባለቀ ቁጥር አህያ የግድቡን በር ከፍታ የጎመኑን መደብ ታጠጣለች፤ ዘብ የሚቆመው አያ ጅቦ ደግሞ ከአንበሳ አንድ አጥንት ይቀበላል። ከዚያ አህያ ቅሉን መልሳ ትሞላዋለች።

አህያ ይህን ሥራ ትወደው ነበር። ጠብታውን እየሰማች ታንቀላፋለች፣ ዝም ሲል ትነሳለች። ሰሞኑን ግን ሕልሟን ገና ሳትጀምረው ዝም ይላል። እሷም እየተነሳች በሩን ትከፍታለች፤ ጎመኑ ውኃ በዝቶበት ሥሩ ይበሰብስ ጀመር።

አንበሳ አስጠርቷት፣ ነገም መደቡ ላይ ውኃ ከተኛ ከሸለቆው እንደምትባረር ነገራት። ከሸለቆው ማዶ የጅቦች አገር ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ባልም አልነበራትም። በጣም ፈራች። ጆሮዬ አርጅቶ ይሆን ብላ ራሷን ጠረጠረች።

ቀበሮን አማከረቻት። ቀበሮ ጆሮዋን አልመረመረችም። በማግስቱ ጠዋት ጅብን ሰበብ ፈልጋ ወደ ወንዝ ላከችው፤ ጠብታው እንደ ድሮው ረጅም ጊዜ ቆየ፣ አህያም ሕልም አየች። ከሰዓት በኋላ ጅብ ሲመለስ ቅሉ ወዲያው ጎደለ። ቀበሮ አህያን በሩን እንዳትከፍት ከልክላ የጅብን ጢም አየች። እርጥብ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ከቅሉ ጠጥተሃል?»

«ታዲያስ፣ ካልጎደለ አጥንቱ መቼ ይደርሰኛል?» አለ ጅብ ሳያፍር። «የጠጣሁት ደግሞ ከራሴ ድርሻ ነው። የአህያን ድርሻ መች ነካሁ?»

«ቅሉ አንድ አይደለም እንዴ?» አለች አህያ ቀስ ብላ።

ጅብ ሾላውን ዞሮ አየ። እውነትም አንድ ነው። ከዚያ በፊት ቆጥሮት አያውቅም።

አንበሳ ይህን ሲሰማ አፈረ። ለጅብ የብቻው ቅል ተሰቀለለት፤ በቀን ስድስት አጥንት፣ ከዚያ በላይ የለም ተባለ። በማግስቱ ጅብ ፀሐይ ሳትሞቅ ቅሉን እየሞላ ስድስት ጊዜ ጨለጠው፣ ስድስቱንም አጥንት ቆረጠመና እስከ ማታ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። በወዲያኛው ቅርንጫፍ የአህያ ቅል ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጎመኑ ቀና ብሏል፤ እሷም ሕልሟን እስከ መጨረሻው አየችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁለት ሠራተኞች በአንድ መለኪያ ሲሠሩ አንዱ ለራሱ ብሎ የነካው የሌላውንም ሥራ ስለሚያዛባ፣ ሠራተኛውን ከመውቀሳችን በፊት በጋራ የተያዘውን ዕቃ ማየት እንዳለብን ነው።